የመሬት ስበት መኖሩ እንዴት ይታወቃል? ከንፋስ መውጫ አካባቢ የተወሰዱ የማስተማሪያ ምሳሌዎች

በፊዚክስ ትምህርት ተማሪዎች በቃል ከሚያጠኗቸው ትርጓሜዎች አንዱ የመሬት ስበት ነው። «መሬት ማናቸውንም ነገር ወደ መካከሏ የምትስብበት ኃይል» የሚለውን መልስ ብዙው ተማሪ ያለ ስሕተት ይጽፋል። ይሁን እንጂ «መኖሩ በምን ታወቀ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ያጣ ይሆናል። ኃይሉ በዓይን አይታይም፤ የሚታየው ሥራው ነው። ስለሆነም ትምህርቱ መነሣት ያለበት ከትርጓሜው ሳይሆን ከሥራው ነው። ለዚህም ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኘው ንፋስ መውጫና አካባቢዋ በቂ ቤተ ሙከራ ናቸው።

ሀ. ስበትን መለካት

ድንጋይ በሲባጎ ታስሮ ከምሰሶ ላይ ይንጠልጠል፤ ከማሰሪያው እስከ ድንጋዩ መካከል ያለው ርዝመት 1 ሜትር ይሁን። ጥቂት ወደ ጎን ተስቦ ሲለቀቅ 100 ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 201 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የአንዱ ምልልስ ጊዜ 2.01 ሴኮንድ ነው ማለት ነው። ርዝመቱ በ39.5 ተባዝቶ ለ2.01 ካሬ፣ ይኸውም ለ4.04 ቢካፈል 9.78 ይገኛል። የሚወድቅ ነገር ፍጥነት በየሴኮንዱ የሚጨምረው በዚህ መጠን ነው። ድንጋዩ በከባድ ድንጋይ ቢለወጥ ጊዜው አይለወጥም፤ ከባዱ በበለጠ ኃይል ቢሳብም፣ ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል በዚያው ልክ ይበልጣልና።

እ.ኤ.አ. በ1672 ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዣን ሪሼ ከፓሪስ ወደ ካየን የወሰደው ባለ ፔንዱለም ሰዓት በየቀኑ 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ወደኋላ ቀርቶበታል። በዚህም ስበት በምድር ወገብ አጠገብ ከሌላው አነስ እንደሚል ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት ፒየር ጉዌንና ፖል ሞር በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ አቅጣጫዎች የስበት ልክ ወስደዋል። እንዲህ ያለው ልኬት ከምድር በታች ያለው አለት ከባድ ወይም ቀላል መሆኑን ለማወቅ ያስችላል።

ለ. ከድንጋይ እስከ ጨረቃ

የተለቀቀ ድንጋይ በመጀመሪያው ሴኮንድ 4.9 ሜትር ይወርዳል። ጨረቃ ከመሬት መካከል ያላት ርቀት የመሬት ራዲየስ 60 እጥፍ ስለሆነ ስበቱ በ3,600 እጥፍ ይዳከማል፤ ስለዚህ ጨረቃ በአንድ ሴኮንድ ወደ መሬት የምትጎብጠው 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ድንጋዩንም ጨረቃንም የሚገዛው ሕግ አንድ መሆኑን አስረዳ። ካቨንዲሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1798 የእርሳስ ኳሶች እርስ በርሳቸው የሚሳሳቡበትን እጅግ ደካማ ኃይል በመለካት፣ ስበት የመሬት ብቻ ሳይሆን የቁስ ሁሉ ጠባይ መሆኑን በሙከራ አሳየ።

ሐ. ስበት በአካባቢው የሚሠራው ሥራ

አየርን በመሬት ላይ ይዞ ያቆየው ስበት ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ከበላይ ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ውሃም በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ በደጋ የባቄላ ንፍሮ ቶሎ የማይበስለው በዚህ ምክንያት ነው። ለከተማይቱ ስም የሰጣት ነፋስም ያለ ስበት አይኖርም፤ ቀዝቃዛው አየር ከብዶ ሲወርድ ሞቃቱን ወደ ላይ ይገፋዋልና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የአፈሩ ጉዳይ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተዳፋቶች ላይ የሚወርደውን የክረምት ጎርፍ የሚነዳው ስበት ነው። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይዞት የሚሄደውም የገበሬውን የእርሻ አፈር ነው። እርከን የስበትን ኃይል አያስቀርም፤ ቁልቁለቱን በመቆራረጥ ውሃው ፍጥነት እንዳያገኝ ያደርጋል። ይኸው ኃይል በአግባቡ ሲያዝ ጠቃሚ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ ከጣና ወደ በለስ የሚወርደው ውሃ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀውን 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል።

መ. ማጠቃለያ

ስለዚህ መምህሩ ልኬቱን አስቀድሞ ትርጓሜውን ቢያስከትል ይመረጣል። ሲባጎ፣ ድንጋይና ሰዓት በማናቸውም ትምህርት ቤት አይጠፉም። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ለሙከራው በቂ ክፍለ ጊዜ ሊመድቡ፣ በፈተናም «ስበት ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «በምን ታወቀ?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል። የእርከንን ጥቅም ከስበት ሕግ ጋር አያይዞ የተረዳ ተማሪ የተማረውን ከደብተሩ አልፎ ወደ ወላጆቹ ማሳ ይወስደዋል።