የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ኢንዛይም አወቃቀርና የፋንሲዳር መክሸፍ

ፋንሲዳር በሚል ስም የሚታወቀው የሰልፋዶክሲንና የፒሪሜታሚን ቅንጅት በአገራችን ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ተመራጭ መድኃኒት ሆኖ ያገለገለው ለስድስት ዓመታት ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ክሎሮኪንን ተክቶ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ቦታውን ለአርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ለቀቀ። በዚያን ጊዜ ከአዳማ (ናዝሬት) እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሠሩ ባለሙያዎች የመድኃኒቱን ምቹነት አይዘነጉትም። ለአዋቂ ሦስት እንክብል ብቻ ስለሆነ ሕሙሙ ባለሙያው ፊት ውጦ ሕክምናውን ጨርሶ ይሄድ ነበር። ብዙዎቹ ግን በሳምንታት ውስጥ ትኩሳታቸው አገርሽቶ ይመለሱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2003 በአገሪቱ የተስፋፋው ከባድ የወባ ወረርሽኝም መድኃኒቱ እየከሸፈ በነበረበት ወቅት የደረሰ ነው።

በናዝሬት የወባ መቆጣጠሪያ ማሠልጠኛ ማዕከል የሠለጠነ የማይክሮስኮፕ ባለሙያ ፋልሲፓረምን ከቫይቫክስ በሚገባ ይለያል። መድኃኒት የተላመደውንና ያልተላመደውን ፋልሲፓረም ግን ማንም በጊምዛ ቀለም ሊለያቸው አይችልም፤ ልዩነታቸው ያለው በአንድ ኢንዛይም ውስጥ በጥቂት አቶሞች አቀማመጥ ላይ ነውና። ይህ አቀማመጥ በግልጽ የታየው በዚያው በ2003 ሲሆን፣ በባንኮክ የማሂዶል ዩኒቨርሲቲና የታይላንድ የባዮቴክኖሎጂ ማዕከል ተመራማሪዎች የኢንዛይሙን የክሪስታል አወቃቀር ይፋ አደረጉ።

ኢንዛይሙ ዳይሃይድሮፎሌት ሪዳክቴዝ ይባላል። ሕዋስ ዲ.ኤን.ኤ. ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፎሌት ወደሚያገለግልበት መልክ የሚመልሰው እርሱ ነው። በሰው ልጅ ይህ ኢንዛይምና ቲሚዲሌት ሲንቴዝ የተባለው ሁለተኛው ኢንዛይም የተለያዩ ፕሮቲኖች ናቸው። በወባ ተሕዋስ ግን ሁለቱ 608 አሚኖ አሲዶች ባሉት በአንድ ሰንሰለት ላይ ተያይዘው ይገኛሉ። ፒሪሜታሚን የሚገባው በዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያ ክፍል ካለው ጠባብ ኪስ ነው። ሰልፋዶክሲን በዚያው የፎሌት መስመር ላይ ቀደም ብሎ የሚሠራ ሌላ ኢንዛይም ስለሚያግድ እዚህ አናነሣውም።

አወቃቀሩን ለማየት ንጹሕ ፕሮቲን እንደ ጨው ወይም እንደ ስኳር እንዲረጋ ይደረግና ኤክስሬይ ይለቀቅበታል። እንደ ደረት ራጅ ጥላ አይታይም፤ ጨረሩ ተበትኖ የሚተዋቸው ነጥቦች ተሰልተው የእያንዳንዱ አቶም ቦታ ይገመታል። አድካሚው ሥራ ፕሮቲኑን ማርጋት ነው፤ የወባ ፕሮቲኖች ደግሞ በዚህ ረገድ አስቸጋሪነታቸው የታወቀ ነው።

ውጤቱ ለሐኪሙ ጭምር ትርጉም አለው። በ108ኛው ስፍራ ሴሪን የተባለ ትንሽ አሚኖ አሲድ አለ። የዘረመል ለውጥ ሲደርስ በቦታው ከእርሱ ገዘፍ ያለ አስፓራጂን ይተካል። ፒሪሜታሚን ግትር ሞለኪውል ነው፤ ክሎሪን የተሸከመው ጫፉ በትክክል ወደዚያ ስፍራ ስለሚያመለክት ከአዲሱ አሚኖ አሲድ ጋር ይጋጫል፤ ገለል የሚልበት መንገድም የለውም። የተሕዋሱ የራሱ ፎሌት ግን በዚያ በኩል ጎልቶ የሚወጣ አካል ስለሌለው ሥራው ብዙም ሳይሰናከል ይቀጥላል። መድኃኒቱን ከደጅ አስቀርቶ ምግቡን የሚያስገባ በር ማለት ነው። በ51ኛውና በ59ኛው ስፍራዎች የሚደርሱት ለውጦች ሲታከሉበት ኪሱ ይበልጥ ይዛባል፤ መላመዱም ደረጃ በደረጃ ይጠነክራል። በእስያና በደቡብ አሜሪካ የሚታወቀው የ164ኛው ስፍራ ለውጥ በአፍሪካ ብርቅ ነው።

በስምጥ ሸለቆአችን ጉዳዩን የሚያወሳስበው የቫይቫክስ መኖር ነው። ፋንሲዳር ለቫይቫክስ ባይታዘዝም፣ ምርመራ በሌለበት ትኩሳት ሁሉ በግምት ሲታከም ቫይቫክስም መድኃኒቱን ሳይቀምስ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታየው የቫይቫክስ ኢንዛይም አወቃቀር ተመሳሳይ ግጭት በ117ኛው ስፍራ እንደሚፈጠር አሳየ። በስምጥ ሸለቆው ደቡባዊ ክፍል ከምትገኘው ከዲላ የተገኙና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተሙ ውጤቶችም የመላመድ ለውጦች በሁለቱም ዝርያዎች በብዛት መኖራቸውን መስክረዋል።

ፋንሲዳር ከሕክምናው መስመር ስለወጣ ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በኮትሪሞክሳዞል ውስጥ ያለው ትራይሜቶፕሪም የሚያግደው ይህንኑ ኢንዛይም ነው፤ የሚገባውም በዚያው ኪስ ነው። ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ለሚኖሩ ሰዎች በመከላከያነት የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል የወባን ሕመም እንደሚቀንስ፣ ይህም መላመድ በተስፋፋባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች ጭምር እንደሆነ ታይቷል። ሆኖም መከላከያው ምሉዕ አይደለም። በአዳማ ወይም በመቂ አንድ ትኩሳት ያለበት ሕሙም ኮትሪሞክሳዞል በየቀኑ ስለሚወስድ ብቻ የደም ምርመራው ቢታለፍ፣ ፋልሲፓረም ከሆነ መዘግየቱ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። የአንጎል ቶክሶፕላዝማን የሚያስከትለውም ባለአንድ ሕዋስ ጥገኛ እንደ ወባው ሁሉ ሁለቱን ኢንዛይሞች በአንድ ሰንሰለት የያዘ ነው። ፒሪሜታሚን በማይገኝበት ጊዜ በከፍተኛ መጠን የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አወቃቀሩ ከታወቀ ወዲህ መድኃኒት ቀማሚዎች ግትሩን ጫፍ በተጣጣፊ ሰንሰለት መተካት እንደሚበጅ ተረድተዋል። ደብሊው አር 99210 የተባለው ቀደምት ውሕድ ለውጥ የደረሰበትን ኢንዛይም ጭምር የሚያግደው ሰንሰለቱ ጎንበስ ብሎ ከ108ኛው ስፍራ ስለሚርቅ መሆኑ በዚያው የ2003 ሥራ ታይቷል። ይህን መሠረት አድርጎ የተቀመረውና እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው ፒ218 ከፎሌት አቀማመጥ ሳይወጣ ኪሱን እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህም ተሕዋሱ እርሱን ለማስወጣት ቢለወጥ የራሱንም ፎሌት ማጣቱ እንደማይቀር ይታሰባል። ውሕዱ በሰው ላይ የመጀመሪያ ሙከራዎች ተደርገውበታል፤ ለሕክምና አገልግሎት ግን አልደረሰም።