በተሽከርካሪ ጫኝ የመንገደኛ መርከቦች ወለል ላይ የሚጠራቀም ውሃና የመገልበጥ አደጋ

ተሽከርካሪና መንገደኛ አጣምረው የሚያጓጉዙ መርከቦች ልዩ መለያቸው የተሽከርካሪ ወለላቸው ነው። መኪኖች በቀላሉ እንዲገቡና እንዲወጡ ሲባል ወለሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ሆኖ ይሠራል፤ እንደ ታችኛው የመርከብ አካል በግድግዳ አይከፋፈልም። ይህ ጽሑፍ ለንግድ አመቺ የሆነው አሠራር ለሕይወት አስጊ የሚሆንበትን ምክንያት ያብራራል።

በሰፊ ወለል ላይ የተጠራቀመ ውሃ መርከቡ ወዳዘነበለበት ጎን ይፈስሳል። ክብደቱ አብሮ ስለሚሸጋገር መርከቡን ወደ ቀና አቋሙ የሚመልሰው ኃይል ይዳከማል። እዚህ ላይ ወሳኙ የውሃው ብዛት ብቻ ሳይሆን የገጹ የጎን ስፋት ነው፤ ስፋቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል። በአንጻሩ ወለሉን በቁመቱ ለሁለት እኩል የሚከፍል አንድ ግድግዳ የእያንዳንዱን ክፍል ጉዳት ወደ አንድ ስምንተኛ፣ የሁለቱን ድምር ወደ አንድ አራተኛ ያወርደዋል።

እ.ኤ.አ. በ1987 «ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የፊት በሯ ሳይዘጋ ከቤልጅየሙ ዜብሩጅ ወደብ ወጥታ ወዲያው ተገለበጠች፤ 193 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ከሳዑዲ ዓረቢያ ዱባ ወደ ግብፅ ሳፋጋ ትጓዝ የነበረችው «አል ሰላም ቦካቾ 98» እሳት ተነሣባት። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ መውጫ አጥቶ በተሽከርካሪው ወለል ተጠራቀመ፤ መርከቧ በቀይ ባሕር ሰጠመች፤ ከ1,000 በላይ ሰዎች አለቁ። በመጀመሪያው አደጋ ውሃው ከባሕር ገባ፤ በሁለተኛው ሕይወት ለማዳን ተረጨ። የፊዚክሱ ሕግ ግን አንድ ነው።

የዜብሩጁ ምርመራ በሩን መዝጋት የነበረበት ሠራተኛ ተኝቶ እንደነበር ቢያረጋግጥም በእርሱ ላይ ብቻ አላቆመም። የበሩን ሁኔታ የሚያሳይ መብራት እንዲገጠም የመርከብ አዛዦች ያቀረቡትን ጥያቄ ኩባንያው ሳይቀበለው ቀርቶ ነበር። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ1993 ያጸደቀውና ከ1998 ጀምሮ በመንገደኛ መርከቦች ላይ አስገዳጅ የሆነው የደኅንነት አስተዳደር ደንብ ተጠያቂነትን እስከ ኩባንያው አመራር ያደረሰው ከዚህ በኋላ ነው።

852 ሰዎች ያለቁበት የ1994ቱ የ«ኤስቶኒያ» መስጠም ያስከተለው የ1996ቱ የስቶክሆልም ስምምነት መርከቦች እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የወለል ውሃን እንዲቋቋሙ አስገድዷል። ሆኖም ስምምነቱ የሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ወደቦችን የሚመለከት በመሆኑ የቀይ ባሕር መንገደኞች ከጥበቃው ውጪ ነበሩ። ውሃ በየትኛውም ባሕር ላይ በአንድ ሕግ የሚፈስስ ከሆነ የመንገደኛው ጥበቃ እንደ ወደቡ መለያየቱ ቴክኒካዊ ምክንያት የለውም።