የስቶክሆልም ጓዳ

እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ የሚያየው ባለቤቱ እንዲታይለት የፈለገውን ነው፤ የቤቱ ነገር የሚታወቀው ጓዳ ሲገባ ነው። ከተማም እንደዚሁ ሳሎንና ጓዳ አለው። አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ይዞ ስቶክሆልም ለሚገባ መንገደኛ ሳሎኑ የታወቀ ነው፦ ጋምላ ስታን የሚባለው አሮጌው ከተማ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ የኖቤል ሽልማት ራት የሚበላበት የከተማው አዳራሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1628 ጉዞ በጀመረበት ዕለት ሰጥሞ ከ333 ዓመት በኋላ ከባሕር የወጣው ቫሳ መርከብ። ሁሉም ሊታዩ ይገባቸዋል። ቀኑ አጭር ሆኖ ከተማዋ ለነዋሪዋ ያላትን ግምት ማወቅ የሚሻ ሰው ግን መጀመሪያ መግባት ያለበት ጓዳዋ ነው። ጓዳዋም ስዊድኖች ቱነልባና የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ነው።

ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ሲጀምር ጉዳዩ የመጓጓዣ ብቻ ነበር። ከተማዋ በደሴቶች ላይ የተዘረጋች ናት፤ ውኃውን እየተሻገረ ሠራተኛውን ከዳር ወደ መሐል የሚያመላልስ ነገር ያስፈልጋት ነበር። የውበት ጥያቄ የተነሣው ትንሽ ቆይቶ ነው። ቬራ ኒልሶንና ሲሪ ዴርከርት የተባሉ ሁለት ሴት ሠዓሊያን ሥነ ጥበብ ሕዝብ በየዕለቱ ወደሚመላለስባቸው ጣቢያዎች እንዲገባ አጥብቀው ተከራከሩ፤ ክርክራቸውም የከተማውን ምክር ቤት ረታ። በ1957 የተከፈተው ማዕከላዊው ጣቢያ፣ ቲ-ሴንትራለን፣ በውድድር የተመረጡ ሠዓሊያንን ሥራ ይዞ ተመረቀ። ዛሬ በአረንጓዴ፣ በቀይና በሰማያዊ መስመሮቹ ላይ ካሉት 100 ጣቢያዎች ከ90 በሚበልጡት ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ ወይም ሞዛይክ አለ። አንዳንዱ ጣቢያ ያለው አንድ ሐውልት ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ ተሥሏል።

በ1975 ሰማያዊው መስመር ሲከፈት ሐሳቡ ይበልጥ ሥር ሰደደ። ስቶክሆልም የቆመችው በጠንካራ ዓለት ላይ ነው። ዓለቱ በድማሚት ከተፈለፈለ በኋላ እንደ ወትሮው ግድግዳ ሊቆምለትና ኮርኒስ ሊለብስ ይችል ነበር። ሠሪዎቹ ግን ጎርበጥባጣውን ዓለት ስስ ሲሚንቶ ረጭተውበት ዋሻውን እንደ ዋሻ ተዉት፤ ሠዓሊዎችም ከንድፉ ጀምሮ አብረዋቸው ሠሩ። በቲ-ሴንትራለን የሰማያዊ መስመር ክፍል ፐር ኡሎፍ ኡልትቬት የሚጣደፈውን ተሳፋሪ እንዲያረጋጋ ብሎ ሰማያዊ ቀለም መረጠ፤ ትልልቅ ሐረጎችና ቅጠሎችም ዋሻው ላይ ሣለ። እዚያው ጣሪያ ላይ ጣቢያውን የሠሩት ሠራተኞች ምስል እንደ ጥላ ሆኖ ይታያል። ሶልና ሴንትሩም ላይ ደም በመሰለ ቀይ ሰማይ ሥር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን አረንጓዴ ደን ተሥሏል፤ የሚተርከውም በጊዜው ስዊድንን ያከራክር የነበረውን የገጠር መራቆትና የተፈጥሮ ውድመት ነው። ባለጠጎች በሚኖሩበት ሠፈር ባለው ኤስተርማልምስቶርግ ጣቢያ ደግሞ ሲሪ ዴርከርት በ1965 ስለ ሴቶች መብትና ስለ ሰላም በሲሚንቶው ግድግዳ ላይ ቀርጻለች።

ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል፤ ተሳፋሪ ከባቡር የሚፈልገው በሰዓቱ መድረሱን እንጂ ሥዕል አይደለም ይላል። ግን ያጌጠ ጣሪያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲታይ ብክነት ነው የሚለው ጥቂት ሰው ነው፤ ሠራተኛው ከሚቆምበት ሲደርስ ብቻ ወጪው ለምን ይታወሳል? ዓለቱን እንዳለ መተው ደግሞ ሌላ ግድግዳና ኮርኒስ ከመሥራት አድኗል። ሌላው ተከራካሪ በ1935 የተከፈተው የሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር በእብነ በረድና በትልልቅ መብራቶቹ ይህንን ቀድሞ አድርጎታል ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ውበትን ለተሳፋሪ በማቅረብ ሞስኮ ትቀድማለች። ነገር ግን የሞስኮ ጣቢያዎች ጌጥ በአብዛኛው ሥርዓቱን ያወድሳል። የሶልናው ቀይ ሰማይ የአገሩን አካሄድ የሚወቅስ ሲሆን፣ የተሣለውም በሕዝብ ገንዘብ ነው። ከተማ ለወቃሿ ቀለም ስትገዛ ማየት ብርቅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የሚመጣው ከመስመሩ ጫፍ ነው። ሰማያዊው መስመር ሪንኬቢንና ቴንስታን ያልፋል። ሠፈሮቹ ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ቤት ለመሥራት በታቀደው ዘመቻ የተገነቡ ናቸው፤ ዛሬ በአብዛኛው ስደተኞችና ልጆቻቸው፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች፣ ይኖሩባቸዋል። ሄልጋ ሄንሸን የቴንስታን ጣቢያ የሣለችው ለስደተኞች ክብር ነው። ሆኖም ሥዕሉ የሥራ አጥነትን ቁጥር አልቀነሰም፤ መሐል ከተማውን ከዳሩ የሚለየውንም የኑሮ ልዩነት አላጠበበም። ያጌጠ ዋሻ ፍትሕን አይተካም። ቢሆንም አንድ ነገር መመስከሩ አይቀርም፦ ጣቢያው ሲሠራ ‹የዳር ሰው ነውና ይህ ይበቃዋል› አልተባለም። የቴንስታ ዋሻ ከመሐሉ ጣቢያ ባላነሰ ድካም ተሠርቷል። ከተማዋ በሌላው ነገር ቃሏን አጉድላ ከሆነ፣ የገባችው ቃል ምን እንደነበረ ግድግዳው ላይ አለ፤ ነዋሪውም ሊጠቅስባት ይችላል።

ስለዚህ ጊዜው ያጠረው እንግዳ ዕቅዱን ብዙ መለወጥ አያስፈልገውም። አንድ ትኬት ለ75 ደቂቃ ያገለግላል፤ ከቲ-ሴንትራለን ቴንስታ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሶልና ሴንትሩም ያለው በሰማያዊው መስመር ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ደኑን ለማየት መስመሩ ከሚከፈልበት ጣቢያ ባቡር መቀየር ያስፈልጋል። ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መሐል ያሉትን ሁለት ሦስት ጣቢያዎች ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ያ ከጓዳው በር መመለስ ነው። እስከ ጫፉ የሄደ ግን የከተማዋን ቃልና የጎደለውን በአንድ ትኬት አይቶ ይመጣል።