ተዳፋት ላይ የሰፈረ መጤ አረም፦ የሚባለውና እውነታው

ተዳፋት የወረረን መጤ አረም ማጥፋት ሜዳ ላይ እንደማረም አይደለም። ሜዳ ላይ የተሳሳተ ሰው የሚከስረው ጉልበቱን ነው። ገደላማ መሬት ላይ የተሳሳተ ግን አፈሩንም ያጣል፤ በጎርፍ የሄደ አፈር ደግሞ በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም። ስለዚህ ስለ አረም በየመንደሩ የሚነገረውን አንድ በአንድ መመርመር ይገባል። ከሚባለው ውስጥ ፈጽሞ ስህተት የሆነ አለ፤ ግማሹ እውነት የሆነም አለ። እኔ ይበልጥ የምፈራው ግማሽ እውነቱን ነው፤ ሰው አምኖ የሚሠራበት እሱ ነውና።

በተለይ ሁለት አረሞችን አነሣለሁ። አንዱ የወፍ ቆሎ ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ላንታና ካማራ ይሉታል። ከአሜሪካ ሞቃታማ አገሮች ለአበባው ውበትና ለአጥር ተብሎ በዓለም የተበተነ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ እኛም ዘንድ በሐረርጌና በሶማሌ ክልል ብዙ መሬት ይዟል። ሁለተኛው ቅንጨ አረም፣ ማለትም ፓርቴኒየም ነው። ይህኛው በአገራችን በድሬዳዋና በደሴ ዙሪያ መታየት የጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። አመጣጡን አንዳንዶች ከእርዳታ እህል፣ ሌሎች ደግሞ በኢትዮ ሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከተንቀሳቀሱ ተሽከርካሪዎች ጋር ያያይዙታል።

«ቆርጦ መጣል ይበቃል»

የወፍ ቆሎን በገጀራ ከመሬት በላይ መቁረጥ ቦታውን የጸዳ ያስመስላል እንጂ ተክሉን አይገድልም። ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት፣ ከአፈሩ ወለል ጥቂት ዝቅ ባለው ክፍል፣ ያልነቁ እምቡጦች አሉ። ግንዱ ሲቆረጥ እነዚያ ይነቃሉ። ጉቶው ዝናብ ሲያገኝ በአንድ ግንድ ፋንታ ብዙ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል። በየዓመቱ የሚመነጠረው ጥሻ በየዓመቱ እየጠበቀ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ «እንግዲያው ሥሩን አንድም ሳይቀር ቆፍሮ ማውጣት ነው» ይላል። ተዳፋት ላይ ይህም ጥፋት ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የላላውን አፈር የመጀመሪያው የክረምት ጎርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ጉድጓዱም የቦረቦር መነሻ ይሆናል።

እውነታው በሁለቱ መካከል ነው። በሕንድ የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ሲ. አር. ባቡና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ዘዴ ሥሩን በሙሉ ማውጣት አያስፈልግም ይላል። በሥሩ አናት ዙሪያ ያለውን አፈር ጥቂት ገለጥ አድርጎ ዋናውን ሥር ከወለሉ ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ መቁረጥ ነው። እምቡጥ የሚያወጣው ክፍል ከላይ ከቁጥቋጦው ጋር ይወጣል፤ መሬት ውስጥ የቀረው ሥር ማቆጥቆጫ ስለሌለው እዚያው ይበሰብሳል፤ እስኪበሰብስም አፈሩን እንደያዘ ይቆያል። ዘዴው ኮርቤት በሚባለው የሕንድ የነብር ጥብቅ ቦታ ተሠርቶበታል። የሚጠይቀው መሣሪያ ዶማ ወይም ሹል መቆፈሪያ ብቻ ስለሆነ ለእኛ ገበሬ እንግዳ አይደለም።

የተነቀለው ቁጥቋጦ ግን እንደወደቀ አይተውም። ሥሩ ወደ ላይ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች ተገልብጦ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል። የወፍ ቆሎ ግንድ እርጥብ አፈር ከነካ እንደገና ሥር ይሰዳልና። ፍሬው የጠቆረ ከሆነ ቁልቁል እየጎተቱ ማውረድ ዘር እየዘሩ መሄድ ነው፤ ባለበት ሰብስቦ ማድረቅ ይሻላል። ሠራተኞቹም በአግድም ተሰልፈው ይሥሩ። አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ሆኖ ከሠራ፣ ከላይ የተፈነቀለ ድንጋይ የታችኛውን ይመታል።

«እሳት ልቀቅበት»

እሳት ቅጠሉንና ቀጫጭን ግንዱን ይበላል፤ አፈር ውስጥ ያለው ሥር ግን ይተርፋል። ከቃጠሎው በኋላ ቀድሞ የሚነሣው የወፍ ቆሎው ራሱ ነው። የሚሞተው ሊሻማው ይችል የነበረው የወይራና የግራር ችግኝ ነው። በእሳት የተራቆተ ተዳፋት ደግሞ ዝናብ ሲመጣ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል።

«አፈሩን ይይዛል፤ ባይነካ ይሻላል»

ግማሽ እውነት ያልሁት ይኼ ነው። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ አፈራቸውን የሚወዱ፣ ጎርፍ ያስተማራቸው ሽማግሌዎች ናቸውና ንግግራቸው በአክብሮት ሊሰማ ይገባል። እውነት ነው፤ የወፍ ቆሎ ጥሻ የዝናቡን ጠብታ በቅጠሉ ይቀበላል። እንዲህ ያለውን ጥሻ በአንድ ሳምንት ሙልጭ አድርጎ መመንጠር ከአረሙ የባሰ ጉዳት ያመጣል።

ጥሻው ሥር ገባ ብሎ ያየ ሰው ግን ሌላውን ግማሽ ያገኛል። ጥላው፣ እንዲሁም ከቅጠሉና ከሥሩ የሚወጣው ንጥረ ነገር ሣርና ችግኝ እንዳይበቅል ያፍናል። ስለዚህ በግንዶቹ መካከል ያለው መሬት ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ከላይ የሚወርደው ውኃ ግንድ ለግንድ እየተሹለከለከ ሲሄድ ፍጥነቱን የሚገታው ሣር አያገኝም።

ቅንጨ አረም ደግሞ በዚህ ረገድ ምንም የሚያስመሰግነው የለም። ዘመኑ አንድ ወቅት ነው፤ ዝናብ ሲያገኝ ይፈላል፣ ዘሩን በትኖ በበጋ ይደርቃል። የሚቀጥለው ዝናብ መጀመሪያ ሲወርድ፣ ማለትም መሬቱ መሸፈን በሚያስፈልገው ሰዓት፣ ተዳፋቱ ራቁቱን ነው። የስዊሱ የአፈር ጥበቃ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። መሸፈኛ ያጣ መሬት ምን እንደሚጠብቀው ከዚህ መገመት ይቻላል።

እንግዲያው ምን ይደረግ? ተዳፋቱ በአግድም መስመር እየተከፈለ በየጭረቱ ይጽዳ። አንድ ጭረት ሲነሣ ከሥሩ ያለው ጭረት ሳይነካ ይቆይ፤ አበባው ብቻ እየተቀነጠሰ ዘር እንዳያፈራ ይደረግ። በጸዳው ላይ ሣር ተተክሎ ሥር ሲይዝ ወደ ቀጣዩ ይታለፍ። መጀመር ያለበትም ከላይ ነው፤ ዘሩ ከጎርፍ ጋር ቁልቁል ይወርዳልና ከታች የጀመረ ሰው ያጸዳው ላይ በየክረምቱ አዲስ ዘር ይወርድበታል። ከላይ ካለውም ቢሆን ወረራው የሳሳበት ጠርዝ ይቅደም። እዚያ ጥቂት ጉልበት ብዙ መሬት ያድናል፤ ጥቅጥቁ መሐል ደግሞ ሊጠብቅ ይችላል። ብዙ ቡድኖች ግን ጥሻው ከጠነከረበት ጀምረው ጉልበታቸውን እዚያው ይጨርሳሉ።

የሚተከለውን ሳያዘጋጁ አረም መንቀል መጀመር የለበትም። ከጨንቻ ተነሥቶ በየአገሩ የተስፋፋው የዴሾ ሣር እርከንን ያጠናክራል፣ ለከብትም መኖ ይሆናል። ሰርዶ ያለበት ቦታ ዕድለኛ ነው፤ ከንክኪ ከተጠበቀ ራሱ ይዘረጋል። ቬቲቨርም አለ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በጅማ የእርሻ ምርምር ማዕከል በኩል ከውጭ የገባ ሣር ነው። መጤ ሁሉ ወራሪ እንዳልሆነም ምስክር ነው፤ ለአፈር ጥበቃ የሚተከለው ዓይነት በዘር ስለማይራባ በተተከለበት መስመር ይቆያል።

«ቁጥቋጦ ሁሉ አረም ነው»

በዘመቻ ጊዜ ገጀራ የያዘ ሰው የሚመረጠውን ካልተነገረው ሁሉንም ይጥላል። ክትክታ፣ አጋምና ቀጋ ግን የገዛ አገራችን ዕፅዋት ናቸው፤ ተዳፋቱን የያዙትም እነሱ ናቸው። በአጋም እሾህ ተከልሎ ያደገ የወይራ ችግኝ ከፍየል ያመልጣል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተክሎቹን በስም የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ይዙር፤ የሚቀሩት ላይ ጨርቅ ይሰር።

«ፍየል ይጨርሰዋል»

የወፍ ቆሎ ቅጠል ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው። የበላው ከብት ሆዱ ይደርቃል፣ ዓይኑና ድዱ ቢጫ ይሆናል፤ ቆዳውም ፀሐይ መቋቋም አቅቶት በአፍንጫውና ነጣ ባለው ገላው ላይ ይላጣል። አረሙን የማያውቅ አዲስ የመጣ ከብትና በድርቅ የተራበ ከብት ቀድመው ይጎዳሉ። ፍየል መራጭ ስለሆነች ሌላ ካለ አትነካውም፤ ይልቁንም ሊተካው የሚችለውን ችግኝ ትቀነጥባለች። ቅንጨ አረም የቀመሰች ላም ወተቷ ይመራል። ፕሮሶፒስ የሚባለው ሌላው መጤ ዛፍ ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ በአፋር እንደታየው ከብትና ፍየል ጣፋጭ ፍሬውን በልተው ዘሩን ከነሕይወቱ በፋንድያና በበጠጣቸው ወደ አዲስ መሬት አድርሰውታል።

ሕጉም በ1997 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋትነት ያለው መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይካሄድበት፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንዲውል ደንግጎ ነበር። 60 በመቶ ማለት በአግድም 100 ሜትር ሲኬድ 60 ሜትር ከፍ የሚል መሬት ነው። ሣሩ ሲደርስ አጭዶ ወደ ቤት መውሰድ ለከብቱም ለተዳፋቱም ይበጃል።

«ቅንጨን ሲያብብ እንነቅለዋለን»

ሲያብብ ዘግይቷል። ከበቀለ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ማበብ ይጀምራል፤ አንድ ተክል ከ15 እስከ 25 ሺህ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ያበበውን ነቅሎ ተሸክሞ መንገድ መሄድ ዘሩን በየመንገዱ ማራገፍ ነው። መነቀል ያለበት ለጋ ሳለ፣ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ሥሩ በቀላሉ ሲወጣ ነው። ያልዘራው ለኮምፖስት ይሆናል፤ የዘራው ግን ወደ ማሳ የሚመለስ ነገር ውስጥ አይግባ።

ስለ ሰዎቹም ልናገር። ቅንጨ አረም ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ ብናኙ ዓይን ያስለቅሳል፣ አስም ያስነሣል። ብዙ ጊዜ በባዶ እጅ የሚነቅሉት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የአፍ መሸፈኛ ሳይዙ ሰውን ማሰማራት ተገቢ አይደለም። አለርጂው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠነከረ የሚሄድ ስለሆነ፣ አንዴ ያሳከከው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሥራ ይሰጠው።

«መድኃኒት ይረጭበት»

ቱፎርዲ የሚባለው ፀረ አረም ሣርን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ስለሚመታ ለጋ ቅንጨ ላይ ይሠራል። ግላይፎሴት ግን ሣሩንም ይገድላል፤ ተዳፋት ላይ የምንፈልገው ደግሞ ሣሩን ነው። ግላይፎሴት ከአፈር ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ አፈሩ ሲታጠብ አብሮ ወደ ምንጩና ወደ ወንዙ ይወርዳል። በጀርባ የተሸከሙትን መርጫ ይዞ ገደል ላይ መንሸራተትም አለ፤ በነፋስ ተወስዶ ቀፎ ያለበትን ጎረቤት መጉዳትም አለ። የግድ ከሆነ፣ በሙያተኛ ተይዞ፣ ገና እንደተቆረጠ ጉቶ ላይ በብሩሽ መቀባት ከመርጨት ይሻላል።

አረሙን የሚበሉ ነፍሳትም ተስፋ ናቸው። ከሜክሲኮ የተገኘችው ቅንጨን የምትበላ ጥንዚዛ በአምቦ ተጠንታ በ2016 እ.ኤ.አ. ወለንጪቲ ላይ ተለቅቃለች። ሆኖም ነፍሳት ያዳክማሉ እንጂ ቦታ አያጸዱም። በወፍ ቆሎ ላይ በ1902 እ.ኤ.አ. በሃዋይ የተጀመረው የነፍሳት ዘመቻ በብዙ አገሮች ተሞክሮም ቁጥቋጦው ዛሬ አለ።

«ባለፈው ዓመት አጽድተነዋል»

የተፋሰስ ሥራ በብዙ ወረዳ የሚካሄደው በጥርና በየካቲት ነው። ለእርከን ጥሩ ጊዜ ነው፤ ገበሬው ከአውድማ ሥራ አርፏል። ለአረም ግን ወቅቱ አይገጥምም። አፈሩ ደርቆ የወፍ ቆሎ ሥር ይበጠሳል፤ ቅንጨው ደርቆ ዘሩ መሬት ላይ ወድቋል። ቅንጨ የሚያዘው ዝናብ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ባለበት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው በአንድ ቀን ማሰለፍ ስለማይቻል ከዘመቻ ይልቅ ወንፈል ያዋጣል። አምስት ስድስት ጎረቤት ሆኖ ለግማሽ ቀን አንድ ጭረት መያዝ ነው። የወፍ ቆሎው ደግሞ መስከረም ላይ፣ አፈሩ ገና ርጥብ ሳለ፣ ሥሩ ይቆረጣል።

ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ስለሚቆይ በተከታታይ ክረምቶች መመለስ የግድ ነው። ተመልሶ የመጣ ሰው ሙሉውን ተዳፋት ማሰስ አይጠበቅበትም። ወፍ የሚያርፍበት ዛፍ ሥር ይይ፤ ፍሬውን በልታ ዘሩን የምትጥለው እዚያ ነው። ደለል የሚጠራቀምበትን የእርከን ከንፈር፣ ከብት የሚወርድበትን መንገድና የጎርፍ መውረጃውን ጠርዝ ይመልከት። የተፋሰስ ኮሚቴው የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጣ የአረሙን የሥራ ቀን ከጥር ላይ ቀንሶ ለሐምሌና ለመስከረም ያስቀምጥ፤ ለዴሾ ችግኙም ቦታና ውኃ ከወዲሁ ያዘጋጅ።