ከጋቢናው የማይታየው ጎን

በለንደን ጎዳና የሚነዳ የከባድ ካሚዮን ሾፌር፣ ዓይኑ ከምድር ከ2 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል፣ ሩቁን መንገድ አሻግሮ አጥርቶ እያየ፣ ከግራ በሩ ሥር ቀይ መብራት ይዞት የቆመውን ባለ ብስክሌት ግን ፈጽሞ ላያየው ይችላል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ካሚዮኑ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ የኋላ ጎማዎቹ የፊተኞቹን ዱካ ስለማይከተሉ፣ ማዕዘኑን ቆርጠው ወደ ውስጥ ይገቡና ባለ ብስክሌቱን ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ያጣብቁታል። በዚያች ከተማ ለብዙ ብስክሌተኞች ምክንያተ ሞት የሆነው ይኸው ነው።

አስቀድሞ የታሰበው መድኃኒት ስፖኪዮ ማብዛት ነበር። ነገር ግን ስፖኪዮው 6 እንኳ ቢደርስ፣ ሾፌሩ አንዱን ሲመለከት ሌላውን መተዉ አይቀርም፤ በቆልማማው መስታወት የሚታየውም ሰው አንሶና ተጣሞ ነው። በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ምርመራ፣ በስፖኪዮ ወይም በካሜራ የሚያይ ሾፌር በመስኮቱ በቀጥታ ከሚያየው 0.7 ሴኮንድ ያህል እንደሚዘገይ አስረድቷል፤ ይህች ቅጽበት እንደ ኢምንት ብትቆጠርም፣ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ካሚዮን 5 ሜትር ያህል መንገድ ናት።

ስለዚህ የከተማዪቱ የመጓጓዣ መሥሪያ ቤት፣ ከ12 ቶን በላይ የሆነውን ካሚዮን ሁሉ፣ ሾፌሩ ያለ ስፖኪዮ በዓይነ ሥጋው በሚያየው መጠን ከ0 እስከ 5 ኮከብ የሚመዝን ሥርዓት አቆመ፤ እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ 1 ኮከብ፣ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ 3 ኮከብ ያላገኘ ካሚዮን፣ ተጨማሪ መከላከያ ካልተገጠመለት በቀር በከተማዪቱ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ከመከላከያዎቹ አንዱ በጎኑ የሚተከለው ሴንሰር ሲሆን፣ ይህ ሴንሰር አጠገቡ የመጣውን ሰው ከመብራት ምሰሶና ከአጥር ለይቶ እንዲያውቅ ግድ ነው፤ ለምሰሶው ሁሉ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ሾፌሩን አሰልችቶ፣ እውነተኛው አደጋ በመጣ ጊዜ ጆሮውን ያደነዝዝበታልና። የአውሮፓ ኅብረትም ከጁላይ 2024 ወዲህ በአዲስ ካሚዮንና አውቶቡስ ሁሉ ላይ ይህን የመሰለ መሣሪያ እንዲገጠም አዟል።

መሣሪያው ግን የቱን ያህል ቢረቅ ረዳት እንጂ የዓይን ምትክ አይደለም። ቆሻሻ ለማንሣት የተሠሩት እንደ መርሴዲስ ኤኮኒክ ያሉት ካሚዮኖች፣ ጋቢናቸው ዝቅ ያለ፣ የመስኮታቸውም መስታወት ሰፊ በመሆኑ፣ ሾፌሩና ብስክሌተኛው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከዚህ የሚበልጥ መከላከያ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ካሚዮን የሚገዛ ማዘጋጃ ቤትም ሆነ ነጋዴ፣ የሞተሩን ጉልበት ከመጠየቁ በፊት፣ ወደ ጋቢናው ወጥቶ ይቀመጥና ከበሩ ሥር የቆመ ሰው ይታየው እንደ ሆነ ይመልከት።