በሙጫ የቆመ ፍሬም

ፒያሳ ላይ የብስክሌት ፍሬም ተሰነጠቀ ቢባል ሁሉም የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ በያጅ ጋ መውሰድ። ወደ ሶማሌ ተራ አቅጣጫ ለወረደ ሰው ደግሞ በያጅ ማግኘት አያስቸግርም። በማጣበቂያ ይጠገን የሚል ሰው ግን ወይ ቀልደኛ ወይ አጭበርባሪ ይመስላል። ማጣበቂያ የጫማ ሶልና የወንበር እግር ጉዳይ እንጂ፣ ሰው ተሸክሞ ቁልቁል የሚወርድ ዕቃ ጉዳይ ተደርጎ አይታሰብም። ልማዳችንም ከማጣበቅ ይልቅ መስፋትን ያምናል። ቅል ሲሰነጠቅ ይሰፋል፤ በጥንት የብራና መጻሕፍት ላይም የተሰነጠቀ የእንጨት ገበታ ግራና ቀኙ ተበስቶ በጠፍር ወይም በሽቦ ተሰፍቶ ይገኛል። ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ስንጥቁ ላይ ኤፖክሲ የተባለው ማጣበቂያ ተለቅልቆ ቀለም የተቀባ ፍሬም ጋላቢውን አስፋልት ላይ ይጥላል። ከዚህ ተነሥቶ «ማጣበቂያ ፍሬም አይችልም» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ፍሬሙን የሚጥለውም የሚያቆመውም፣ ከማጣበቂያው ዓይነት ይልቅ፣ መጋጠሚያው የተሠራበት ቅርጽ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከአሮጌው የብረት ብስክሌት መነሣት ይሻላል። እንደ ሕንዱ ሂሮና እንደ ቻይናው ፎኒክስ ባሉት ነባር ብስክሌቶች ዋና ዋና ቱቦዎቹ ጫፍ ለጫፍ ተገጥመው የተበየዱ አይደሉም። እያንዳንዱ ቱቦ ወደ አጭር የብረት እጅጌ ይገባል፤ ከዚያ በቱቦውና በእጅጌው መካከል ባለው ስስ ክፍተት ነሐስ ቀልጦ ይሰርጋል። ብረቱ ራሱ አይቀልጥም፣ ይግላል እንጂ። ነሐስ ከብረት የደከመ ነገር ነው፤ እነዚያ ብስክሌቶች ግን ጆንያ እህልና ሁለት ሰው ተሸክመው አሥርት ዓመታት ኖረዋል። ደካማው ነገር በሰፊ ቦታ ላይ በስሱ ስለተዘረጋ ጠንካራውን ይዞ ይኖራል። ነሐሱን «በእሳት የሚሠራ ማጣበቂያ» ብንለው ብዙ አላጋነንንም፤ ኤፖክሲ የሚለየው ያለ እሳት በመሥራቱና ጉልበቱ ከነሐስ እጅግ ያነሰ በመሆኑ ነው። ያነሰውን ጉልበት የሚያካክሰው ደግሞ የቦታው ስፋት ነው።

ይህን በሒሳብ ማየት ይቻላል። ከውጭ ዲያሜትሩ 28.6 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 0.9 ሚሊ ሜትር የሆነ የተለመደ ቱቦ እንውሰድ። ቱቦው ተበጥሶ ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት ቢጣበቁ ማጣበቂያው የሚይዘው ቀለበት 78 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሚገባ የተሠራ ኤፖክሲ በካሬ ሚሊ ሜትር 15 ኒውተን ይይዛል ብንል (ጥሩዎቹ ከዚህ ይበልጣሉ) ያ ቀለበት የሚችለው ወደ 120 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ጉድጓድ ይጨርሰዋል። ያው ቱቦ በስብራቱ ግራና ቀኝ 30 ሚሊ ሜትር በሚሸፍነው እጅጌ ውስጥ ቢገባ ግን በእያንዳንዱ ወገን የሚጣበቀው ቦታ 2,700 ካሬ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አሁን የሚይዘው ጭነት ከአራት ቶን ይበልጣል። ማጣበቂያው ያው ነው፤ ቱቦውም ያው ነው። በሠላሳ አራት እጥፍ የተለወጠው ቦታው ነው። በርግጥ ይህ ንጹሕ ገጽ ላይ አንዴ ብቻ የተጫነ ጭነት ነው። መንገድ ላይ ጭነቱ ሚሊዮን ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ውሃም ስለሚገባ፣ የሚታመንበት ቁጥር ከዚህ በብዙ ማነሱ አይቀርም። ልዩነቱ ግን ይህን ሁሉ ችሎ የሚተርፍ ነው።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። ጣሊያናዊው አላን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአሉሚኒየም ቱቦዎችን በእጅጌ ውስጥ እንደ ብሎን ጠምዝዞና አጣብቆ ፍሬም ይሠራ ነበር። የፈረንሳዩ ቪቱስ 979 ደግሞ ጥምዘዛውንም ትቶ ቱቦውን በእጅጌው ላይ በማጣበቂያ ብቻ አቆመ። አየርላንዳዊው ሾን ኬሊ፣ በ1984 እና በ1986 በድንጋይ ንጣፍ የሚሮጠውን ፓሪስ–ሩቤን ያሸነፈው፣ ስሙ ከዚህ ብስክሌት ጋር የተያያዘ ነው። ተቃዋሚ እዚህ ላይ ሊያቋርጠን ይችላል፤ ከእነዚያ ፍሬሞች ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ መጋጠሚያቸው ላልቷል። እውነት ነው። የላሉት ግን ማጣበቂያው ጉልበት አጥሮት ሳይሆን፣ ላብና ጨው በጠርዙ ሰርገው ከሥሩ ያለውን አሉሚኒየም ስለበሉት ነው። ይህ የገጽ ዝግጅት ችግር ነው፤ ለጠጋኙ የሚነግረውም ሥራው የት ላይ እንደሚበዛ ነው።

«የሰው ሕይወት በሙጫ ላይ አይጣልም» የሚለው ተቃውሞ ሁሉም የሚያነሣው ነው፤ መልሱ ግን ከእኛው አየር መንገድ ይገኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ከመዋቅሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ በሙጫ የተያዘ ጭረት (ፋይበር) ነው፤ አብዛኛው ካርቦን በኤፖክሲ። ክፍሎቹ እርስ በርስ በብሎን መያያዛቸው አይካድም፤ ግን ጭረቱን ከጭረት አጣብቆ ግድግዳ የሚያደርገው ሙጫ ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ከነዚሁ አንዱ ባዶውን ሎንዶን ሂትሮ ላይ እንደቆመ ከአንድ የአደጋ ጊዜ መሣሪያ ባትሪ በተነሣ እሳት ጣሪያው ተቃጠለ። ተጠግኖም በዚያው የፈረንጆች ዓመት ማብቂያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ታሪኩ ሁለት ነገር ያስተምራል። በሙጫ የተሠራ ነገር ሊጠገን ይችላል፤ የሙጫ ዋና ጠላት ደግሞ ሙቀት ነው። በብስክሌቱም ዓለም ሕይወት በሙጫ ላይ ይጣላል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የጋለበው የካርቦን ፍሬም ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ብየዳ በርካሽና በቅርብ እያለ ማጣበቂያ ለምን? ፍሬሙ ብረት ከሆነ ተቃውሞው ያሸንፋል። ለብረት በያጅ ይሻላል፤ ክርክር አያስፈልገውም። ነገር ግን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ በፒያሳና በአራት ኪሎ በኩል የብስክሌት መስመር ሲዘረጋ፣ በዚያ መስመር ላይ የሚያልፈው ብስክሌት ሁሉ ብረት አይሆንም። ለፍሬም በብዛት የሚያገለግለው 6061 የተባለው የአሉሚኒየም ዓይነት ሲበየድ በብየዳው አካባቢ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ጥንካሬውን ያጣል። ፋብሪካ ከብየዳ በኋላ ፍሬሙን በሙሉ እንደገና በምድጃ አግሎ ጥንካሬውን ይመልሳል፤ የመንገድ ዳር በያጅ ይህ ምድጃ የለውም። ስለዚህ የተበየደው አሉሚኒየም ከብየዳው ጎን እንደገና ቢሰነጠቅ የበያጁ ጥፋት አይደለም። ካርቦን ደግሞ ጭራሽ አይበየድም፤ ይቃጠላል። የመኪና መከላከያ በፋይበር ግላስ የሚጠግኑት እጆች ለካርቦን ከበያጁ ይልቅ ይቀርባሉ። የተጎዳውን ቦታ በሳንቲም እየመቱ የደነዘዘ ድምፅ የሚሰጠውን ለይቶ፣ ያንን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ በቀስ እያሳሱ አንሥቶ፣ የካርቦን ጨርቅ በኤፖክሲ ደርቦ ማጥበቅ ለእነርሱ እንግዳ ሥራ አይደለም። የካርቦን ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ ግን አፍና አፍንጫን ሳይሸፍኑ አይነካም።

የትኛው ማጣበቂያ የሚለው አጭር ጥያቄ ነው። ማስቲሽ ለከመነዳሪ ነው፤ ጎማ ስለሆነ ጭነት ሲጸናበት ይንሸራተታል። ኮላ ውሃው ወደ እንጨት ካልሰረገ አይደርቅም። ሱፐር ግሉ በምት ይሰበራል። የሚቀረው ባለ ሁለት ቱቦው ኤፖክሲ ነው፤ እሱም የሚሠራው ገጹ ከተዘጋጀ ብቻ ነው። ቀለሙ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ከዚያ በአሴቶን ይጠረጋል እንጂ በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ አይጠረግም፣ እነሱ ቅባት ይተዋሉና። አሉሚኒየም ከተፈገፈገበት ቅጽበት ጀምሮ ከአየር ጋር ስለሚዋሐድ ብዙ ሳይቆይ መጣበቅ አለበት። የካርቦን ጨርቅ በአሉሚኒየም ላይ የሚጠመጠም ከሆነም በመካከላቸው አንድ ንብርብር የመስታወት ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ በእርጥበት ከተነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። አዲስ አበባ የራሷን ችግር ትጨምራለች። የኤፖክሲ መመሪያ የሚጻፈው ለ20 እና 25 ዲግሪ ነው፤ በየ10 ዲግሪው ቅዝቃዜ የመድረቂያው ጊዜ በግምት እጥፍ ይሆናል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። «በአንድ ሌሊት ይደርቃል» የሚለውን ያመነ ጠጋኝ ጠዋት የሚያገኘው ከላይ የጠነከረ፣ ከውስጥ ግን ገና ለጋ የሆነ ሥራ ነው። ካርቶን ውስጥ በአሮጌው ዓይነት አምፖል ማሞቅ ይበቃል። ሙቀቱ ሲበዛ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያለ ምድጃ የጠነከረ ኤፖክሲ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ባለው መካከል ይለሰልሳልና፣ የተጠገነ ፍሬም ቀለሙ በእሳት ወደሚጋገርበት ቤት አይገባም።

ድንበሩም መነገር አለበት። ማጣበቂያ በጎን ሲሳብ ይጸናል፤ ከጠርዝ ሲላጥ ግን በቀላሉ ይለቃል። ስለዚህ በቱቦ መካከል ያለ ስንጥቅ ለእጅጌ ይመቻል፣ ፔዳሉ የሚዞርበት ማዕዘን ይከብዳል፣ ሹካና መሪው የሚሰካበት ግንድ ደግሞ በጭራሽ አይሞከርም። ከጊዮርጊስ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርዶ ፊት ፍሬን የያዘ ሰው ሙሉ ክብደቱን የሚጥለው በሹካው ላይ ነውና፣ የተሰነጠቀ ሹካ በአዲስ ይለወጣል። ለቀረው ጥገና፣ ኤፖክሲው ጸንቶ ካበቃ በኋላ እጅጌውንና ቱቦውን አቋርጦ የሚያልፍ ስስ የቀለም መስመር ይሰመርና በየጊዜው ይታያል። መስመሩ ከተሰበረ ወይም ከተዛነፈ መጋጠሚያው ላልቷል ማለት ነው፤ ያ ፍሬም ከዚያ ወዲያ የቁራሌው ነው።