ኩልመስክ ሳይደርስ የቀረው ስፒከር

ኩልመስክ ላይ ስፒከር ብርቅ አይደለም። ከወልድያ በድልብ አድርጎ ላሊበላ የሚወጣው መንገድ ሌላውን ሸቀጥ እንደሚያመጣ ሁሉ፣ በቻርጅ የሚሠራውን፣ ፍላሽና ሜሞሪ የሚጎርሰውን ስፒከርም ካመጣ ቆይቷል። ብርቁ ሌላኛው ነው፤ ስሙን ጠርተው ሲያዙት ሰምቶ የሚመልሰው። አማዞን «ኢኮ» የተባለውን ያወጣው በእኛ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ጎግልም አፕልም የየራሳቸውን አውጥተው በየአገሩ ሳሎን አስገብተዋል፤ ላስታ ግን አልዘለቀም። ገንዘብ ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቀላል። እኔ ግን ይህ የሚሰማ ሣጥን ሲሠራ የላስታን ዓይነት ቤት አልታሰበም ባይ ነኝ።

ድምፅ ወደ ደጋው ቤት መጀመሪያ የገባው በራዲዮ ነው። የኢትዮጵያ ራዲዮ በ1928 ዓ.ም. ይጀመር እንጂ ገበሬው ጎጆ የደረሰው መብራት የማይጠይቀው፣ በድንጋይ የሚሠራው ትራንዚስተር ከመጣ በኋላ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ለዜና ሰዓት ብቻ ይከፈታል። ቀጥሎ የመጣው ቴፕ ከዘፈኑም በላይ መቅዳትን አስለመደ። ማንበብና መጻፍ ያልቻለች እናት ደብዳቤ ከምታስጽፍ በካሴት ተናግራ ትልክ ጀመር። ዛሬ ከሰሜን ወሎ ሳዑዲ የዘለቁ ልጆችና ቤት የቀሩት ወላጆች በኢሞ የሚላላኩት ድምፅ ከዚያው ልማድ የወጣ ነው። እዚህ አገር የድምፅ ቴክኖሎጂ ሲገባ ፊደል ያልቆጠረውን ሰው ማገልገሉ አይቀርም፤ ኩባንያዎቹ ይህን ገበያ አለማየታቸው ይገርመኛል።

ጥያቄን በድምፅ የሚመልስ አገልግሎትም ቢሆን ከኢኮ በፊት ነበረን። በ2006 ዓ.ም. ክረምት የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር 8028ን ከፈተ። ገበሬው በነፃ ይደውላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ቁጥር እየተጫነ ወደሚዘራው ሰብል ይሄድና ስለ ዘር አጠቃቀምና ስለ ማዳበሪያ የተቀዳ ምክር ያዳምጣል። ደዋዩ ቢናገር አይሰማውም፣ የሚያውቀው የተጫነውን ቁጥር ብቻ ነው። ነገር ግን በተራ ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በአማርኛ ሠራ። ኢኮ ገበያ የወጣው ከዚህ ጥቂት ወራት ዘግይቶ ነው።

ኢኮ በሐበሻ ቤት ምን እንደሚሆን ለማየት ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው መሄድ ነው። ሣጥኑ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ በስልክ መተግበሪያ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ይገናኛል፣ የሙዚቃ አካውንት ይያያዝለታል፤ ከአንድ በላይ ካለ የሳሎኑና የኩሽናው ስፒከር አንድ ላይ እንዲዘፍኑ በቡድን ይደረጋሉ። ይህን ማንም ይወጣዋል። ጣጣው «አስቴር አወቀን ክፈቺ» ሲባል ይጀምራል። የኢኮዋ ረዳት አሌክሳም ሆነች የአፕሏ ሲሪ ወይም የጎግል ረዳት አማርኛን ሳያካትቱ ነው እነዚህን ዓመታት ያሳለፉት። የዘፋኙን ስም እንደ ፈረንጅ አፍ ጠምዝዞ መጥራት ይመጣል፤ ተጠምዝዞም አንዳንዴ ያልታዘዘ ዘፈን ይከፈታል። ዘዴኛው ሰው ዘፈኖቹን በአንድ ዝርዝር ሰብስቦ አጭር የእንግሊዝኛ ስም ያወጣለታል፤ ወይም «ሩቲን» በሚባለው አሠራር፣ እሱ የመረጠው ሐረግ ሲጠራ ያ ዝርዝር እንዲከፈት አስቀድሞ ያዘጋጃል። የተሰላቸው ደግሞ ረዳቷን ትቶ በብሉቱዝ ከስልኩ ያጫውታል። ያኔ ሣጥኑ ኩልመስክ ካለው ስፒከር የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው።

ቋንቋው ቢስተካከል እንኳ አሠራሩ ይቀራል። ሣጥኑ ራሱ የሚያውቀው የመጥሪያ ስሙን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚባለው ተቀድቶ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ኮምፒውተሮች ይሄድና መልሱ ከዚያ ይመጣል። አማዞን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ቅጂው ከቤት እንዳይወጣ ማድረግ የሚቻልበትን ምርጫ ከጥቂት መሣሪያዎቹ ላይ አንስቷል። ስፒከር ሠሪው ሶኖስ በ2014 ዓ.ም. ተቃራኒውን ሠርቶ ነበር፤ የሙዚቃ ትእዛዙን እዚያው ስፒከሩ ውስጥ የሚጨርስ ረዳት። አማርኛ አይስማ እንጂ እንደኛ ላለው አገር የሚበጀው መንገድ የሱ ነው። በ2013 ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ መብራትና ስልክ ለወራት ጠፉ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በብዙ ቦታ አንድ ዓመት ያህል እንደተዘጋ ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደመና ላይ የተንጠለጠለ ረዳት ቢኖር ዕቃ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። በሶላር ቻርጅ ተደርጎ ከሜሞሪ የሚዘምረው ግን ኔትወርክ አይጠብቅም።

አማርኛን ማሽን ማስተማር ተጀምሮ ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሰሎሞን ተፈራ አባተና የሃምቡርግ ባልደረቦቻቸው 100 ያህል ሰዎች ያነበቡትን 20 ሰዓት የአማርኛ ንግግር አሰባስበው ለምርምር አቀረቡ። ጎግል ነሐሴ 2009 ላይ በድምፅ መጻፍን ለአማርኛ ፈቀደ፤ እስካሁን ተራው ሰው እጅ ከገባው ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። በ2014 ማይክሮሶፍት «አምሃ» እና «መቅደስ» ብሎ የሰየማቸውን ሁለት አንባቢ ድምፆች አወጣ። በ2015 መስከረም የመጣው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር በ680,000 ሰዓት ቅጂ የሠለጠነ ነው፤ ከ20ው ሰዓት ጋር አይወዳደርም፤ አማርኛ ሲሰማ ግን ስሕተቱ ከልክ ያልፋል። በዚያው ዓመት ግንቦት ሜታ ከ1,100 በላይ ቋንቋዎች የሚሰማ ሥርዓት ይፋ አደረገ፤ አማርኛም አለበት። ዋናው መማሪያው የአዲስ ኪዳን ንባብ ነው። እንዲህ ያለ ደቀ መዝሙር ላሊበላ ቢመጣ ባልከፋ፤ ግን ወንጌል ሲነበብ የሰማ ጆሮ የገበያ ወሬ ሲሰማ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የላስታ ሰው አነጋገር ከዜና አንባቢው ይለያል፤ ቃል ይውጣል፣ ያጣድፋል። በንባብ በኩል ደግሞ ፊደላችን መጥበቅና መላላቱን አያሳይም። «ይሰማል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ሳጥኑ ጆሮ አለው ማለት ይሁን ድምፅ አለው ማለት፣ ማሽኑ ከዙሪያው ካልገመተ አያውቅም።

እኔ ተስፋ የማደርገው መደርደሪያ ላይ በሚቀመጠው ሣጥን አይደለም። ሜሞሪ የሚጫንበት ሱቅ አለ፣ ስልክ በየኪሱ አለ። አማርኛ የሚሰማ መጠነኛ ፕሮግራም እንደ መዝሙሩ ሁሉ ከዚያ ሱቅ ስልክ ላይ ተጭኖ ያለ ኔትወርክ ከሠራ ኩልመስክ ይገባል። እስከዚያው ከውጭ ለወላጅ ስፒከር መላክ ያሰበ ሰው አሌክሳን ለራሱ ያስቀርና የሜሞሪ ቀዳዳ ያለው፣ ራዲዮ የሚይዝ፣ ባትሪው ጠንካራ የሆነውን ይግዛ። ሜሞሪውን ባዶ ባይልክ ደግሞ ይመረጣል፤ የራሱን ድምፅ ቀድቶ ጨምሮበት።